ርካሽ የውጭ ቺዝ ገበያችንን ወሰደብን፣ ቀረጥ ቢጨመር እንድናለን?

አጓት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የቺዝ ማምረቻ አለችኝ፣ ከሁለት ሠራተኛ ጋር ነው የምንሠራው። ለአንድ ኪሎ ጠንካራ ቺዝ 10 ሊትር ገደማ ወተት ይገባል። ከዛ ለወራት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በየጊዜው አገላብጠዋለሁ፣ ላዩን በጨው ውሃ እጠርጋለሁ፣ የማልፈልገው ሻጋታ ካየሁ እፍቃለሁ። ገንዘቤም አብሮት እዛው ይከርማል። ከውጭ የሚገባው ግን እኔ ለወተቱ ብቻ ከማወጣው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ደንበኛዬ የነበረ አንድ ፒዛ ቤት ባለፈው «ያንቺው ይጣፍጣል፣ ግን ከቀለጠ በኋላ ማን ይለየዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። መንግሥት ቀረጥ ይጨምርልን ብለን ብንጮህ ያዋጣል ወይስ ራሳችንን ነው የምንሸነግለው?

ቆንጥር፦
ያዋጣል እንጂ! ኖርዌይ እኮ በፈረንጆቹ 2013 ጠንካራ ቺዝ ላይ 277 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። ካናዳም ከኮታ (ከተፈቀደው መጠን) በላይ የሚገባውን 245.5 በመቶ ትቆልልበታለች። ሀብታም ሲያደርገው ጥበብ፣ ድሃ ሲያደርገው ኋላ ቀርነት የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ደግሞ ያ ርካሽ የምትይው ቺዝ ጀርባው ሲታይ የአውሮፓ ገበሬ በየዓመቱ ከበጀት ድጎማ ይቆረጥለታል። አንቺን ማን ይደጉምሻል?

ሚዛን፦
ቆንጥር፣ ግማሹን ነው የነገርካት። ስዊዘርላንድ በ2007 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የቺዝ ንግዷን ከቀረጥ ነፃ አደረገችው። የውጭ ቺዝ ጎረፈ፣ እውነት ነው፤ የእነሱም ግን በደንብ መውጣቱን ቀጠለ። ለምን? ወደ ቺዝ ለሚቀየር ወተት በኪሎ ድጎማ ይሰጣሉ፣ ደግሞ እንደ ግሩዬር ያለው የቺዛቸው ስም በአገራቸውና በአውሮፓ ኅብረት በሕግ የተጠበቀ ነው፣ እዛ ማንም ተነስቶ አይለጥፈውም። በሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ሩሲያን እይ። በ2014 የአውሮፓን ቺዝ ከለከለች፣ የአገር ውስጡ ምርት አደገ፣ ግን በፓልም ዘይት የተሠራ «ቺዝ» ገበያውን ሞላው የሚል እሮሮም አብሮ መጣ። እና እህቴ፣ ፒዛ ቤቱን ተዪው። ስሙን አይቶ ለሚገዛ ሰው ሽጪ።

የድሮው ጉምሩክ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። «ርካሽ ነው» ብቻውን ክስ አይሆንም። በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ሻጩ ወደ ውጭ የሚልክበት ዋጋ በአገሩ ከሚሸጥበት ማነሱ መታየት አለበት፣ ያ ደግሞ እናንተን መጉዳቱ። ይሄ ዋጋ ማፍረስ ይባላል። ድጎማ ከሆነ ሌላ መንገድ አለው። ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ከውጭ የሚገባው በድንገት ከጎረፈና ከባድ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ ጊዜያዊ መከላከያ፣ ለምሳሌ ተጨማሪ ቀረጥ፣ ይጠየቃል፣ እሱ መጀመሪያ እስከ 4 ዓመት ነው፣ ተራዝሞም ከ8፣ ለታዳጊ አገር ደግሞ ከ10 አያልፍም። እና ብቻሽን አትችይም። የዋጋ ማፍረስ አቤቱታውን በግልጽ የሚደግፉት አምራቾች ቢያንስ ከአገር ውስጥ ምርት 25 በመቶውን መያዝ አለባቸው፣ ከተቃዋሚዎቹም መብለጥ አለባቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደረሰኝ ሰብስቢ፣ የትኛው ደንበኛ መቼ እንደተወሽ ጻፊ። ደግሞ አጸፋ የሚባል ነገር አለ። በ1999 አሜሪካ በሆርሞን በደለበ የበሬ ሥጋ ከአውሮፓ ጋር ስትጣላ ከበግ ወተት በሚሠራው የፈረንሳይ ሮክፎር ቺዝ ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የበጉን ወተት የሚያልበው ሰውዬ በበሬው ጠብ ምን አገባው?

አጓት፦
አመሰግናለሁ፣ ስለ 25 በመቶው ጭራሽ አላውቅም ነበር። ከነገ ጀምሬ ሌሎቹን አምራቾች እደውልላቸዋለሁ፣ ግማሾቹ አይዋደዱም እንጂ። ሚዛን፣ ፒዛ ቤቱን ተዪ ማለት ቀላል ነው። እነዛ የማገላብጣቸው ክብ ቺዞች እስኪደርሱ ድረስ የሠራተኞቼን ደሞዝ የሚሸፍንልኝ እሱ ነበር።