የደመወዝ ጣሪያ የሊግ ሚዛንን ይጠብቃል ወይስ የገቢ ክፍፍል ይቀድማል?

ጥያቄ

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ከልጅነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የደረጃ ሰንጠረዡን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ማንቸስተር ሲቲ ከ2018 እስከ 2024 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከተጠናቀቁት 7 የውድድር ዘመናት የ6ቱን ዋንጫ ወስዷል። ከታች ደግሞ በ2023 ያደጉት በርንሌይ፣ ሼፊልድ ዩናይትድና ሉተን ታውን በዓመታቸው ሦስቱም ወረዱ፤ በእነርሱ እግር የተተኩት ሌስተር ሲቲ፣ ኢፕስዊች ታውንና ሳውዝሃምፕተንም እንዲሁ አንድ ዓመት ብቻ ቆይተው ተመለሱ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ሌስተር በ2016 ሻምፒዮን የሆነበትን ዓመት ይጠቅስልኛል። እኔ ግን ያ ድል እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚወራው ከተለመደው ውጪ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌስተር ራሱም ከ7 ዓመት በኋላ ወርዷል። አሜሪካውያን እንደሚያደርጉት ለሁሉም ክለብ አንድ የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ መጠን) ቢደነገግ ይህ ልዩነት ይጠብባል ወይ? የምታውቁትን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1 (ከሜሪላንድ)

ጠያቂው ያነሡት የደመወዝ ጣሪያ በይበልጥ የሚታወቀው ኳሱ በእጅ በሚያዝበት በአሜሪካውያን እግር ኳስ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል ነው። እዚህ አገር ስኖር ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ሊጉን በቅርብ ተከታትያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የነገሮቹን ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ጣሪያው የወጣው በ1994 ሲሆን፣ የቴሌቪዥን ገቢን ለሁሉም ክለብ እኩል ማካፈል የተጀመረው ግን ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በኮሚሽነሩ በፒት ሮዜል ዘመን ነው። ክለቦቹ የማሰራጫ መብታቸውን በአንድነት መሸጥ እንዲችሉ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1961 ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። በዚህም ምክንያት ነዋሪዎቿ ከመቶ ሺህ ብዙም የማይበልጡት የግሪን ቤይ ከተማ ክለብ ከብሔራዊው የቴሌቪዥን ውል የሚደርሰው ድርሻ የኒው ዮርክ ክለቦች ከሚያገኙት ጋር አንድ ነው።

ጣሪያው የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በ2024 ለእያንዳንዱ ክለብ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ግሪን ቤይም ያንን ያህል መክፈል ይችላል። ባለቤቶች የተካፈሉትን ገንዘብ ኪሳቸው ከተው ደካማ ቡድን እንዳያሰልፉ ደግሞ የግድ መከፈል ያለበት ዝቅተኛ መጠን ተደንግጓል። ገቢው ሳይካፈል ጣሪያው ብቻ ቢኖር ኖሮ ትንሹ ክለብ ቀና ብሎ ከማየት በቀር አይደርስበትም ነበር።

የቤዝቦል ሊግ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ ባለቤቶች ጣሪያ ለማስገባት በመሞከራቸው ተጫዋቾች በ1994 ሥራ አቁመው የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር እስከ መሰረዝ ደርሷል። ዛሬ ብዙ የሚያወጣ ክለብ ተጨማሪ ግብር ይከፍላል እንጂ አይከለከልም። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ለተጫዋቹ ሾሄይ ኦታኒ የ10 ዓመት የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ፣ 680 ሚሊዮኑን ውሉ ካለቀ በኋላ ለመክፈል ተስማምቷል፤ የ2024ና የ2025 ዋንጫዎችንም ወስዷል። የሚያስገርመው ግን ከዶጀርስ በፊት በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ ክለብ የተገኘው በ2000 መሆኑ ነው። ምክንያቱ የውድድሩ አሠራር ነው፤ ዋንጫው በጥቂት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ስለሚወሰን ዕድል ትልቅ ቦታ አለው። በእንግሊዝ ግን ሻምፒዮኑ በ38 ጨዋታዎች ድምር ስለሚለይ፣ አንድ ቀን የረዳ ዕድል በሌላ ቀን ይካካሳል፤ ሰፊና ውድ ቡድን ያለውም በዓመቱ መጨረሻ ከላይ ይገኛል።

ምላሽ 2 (የሒሳብ መርማሪ)

ከላይ የተሰጠውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ በሙያዬ የማየውን ልጨምር። ፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን ገንዘብ በማካፈል ረገድ ከብዙዎቹ የአውሮፓ ሊጎች ይሻላል። በ2023/24 የመጨረሻው ሼፊልድ ዩናይትድ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ ሻምፒዮኑ ማንቸስተር ሲቲ 176 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አግኝተዋል። በስፔን ግን እስከ 2015ቱ ሕግ ድረስ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና መብታቸውን ለብቻቸው ይሸጡ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝ ዋናው ልዩነት የሚመጣው ሊጉ ከማያካፍለው ገቢ፣ ማለትም ከሻምፒዮንስ ሊግ፣ ከስፖንሰርና ከስታዲየም፣ እንዲሁም ከባለቤቱ ኪስ ነው።

የእንግሊዝ ደንብ እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን ይቆጣጠር የነበረው የደመወዙን መጠን ሳይሆን ኪሳራውን ነው። አንድ ክለብ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም ነበር። ኤቨርተን ይህን በ19.5 ሚሊዮን በማለፉ በኅዳር 2023 10 ነጥብ ተቀንሶበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ብሎለታል። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን የኖቲንግሃም ፎረስት ጉዳይ ነው። ፎረስት ከሚታዩት 3 ዓመታት 2ቱን በታችኛው ሊግ ስላሳለፈ የተፈቀደለት ኪሳራ 61 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ይህም ማለት ቡድኑን እንደ አዲስ መገንባት የሚያስፈልገው ክለብ ለዓመታት ከላይ ከቆዩት ያነሰ እንዲያወጣ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ከራሱ ማሠልጠኛ ያፈራውን ብሬናን ጆንሰንን ለቶተንሃም ቢሸጥም፣ ሽያጩ የተፈጸመው የሒሳብ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በመሆኑ አልተቆጠረለትም፤ 4 ነጥብም ተቀነሰበት። ክለብ ራሱ ያሳደገው ተጫዋች በመዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሽያጩ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል፤ ይህ ደንብ ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን እንዲሸጡ ይገፋፋ የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

በእኔ እምነት ወጪን ከእያንዳንዱ ክለብ የራሱ ገቢ ጋር ብቻ የሚያስር ደንብ ክለቦችን ከመክሰር ያድናል፤ እኩልነትን ግን አያመጣም፤ የትናንቱን ደረጃ ያጸናል እንጂ። ጀርመንም የክለብ አባላት አብላጫውን ድምፅ እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ እያላት፣ ባየርን ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 ድረስ 11 ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል።

ምላሽ 3 (ከአዲስ አበባ)

የሻምፒዮን መፈራረቅ ብቻውን የሊግ ጤና ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ የእኛን ሊግ ማንሣት እፈልጋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ 4 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ እንደገና ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን አንሥተዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከእንግሊዝ ይልቅ ሚዛን ያለው ሊግ ይመስላል። ነገር ግን ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሊጉ ወርዷል።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በሚመደብላቸው በጀት ነው። በጀቱ ሲመጣ ቡድኑ ይጠነክራል፤ ሲቀነስ ይፈርሳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። እኔ በቅርብ በማውቀው አንድ ክለብ ግን በውሉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ለተጫዋቹ በቃል የተገባለት ሌላ ነበር፤ ልጆቹ ለወራት ሁለቱንም ሳያገኙ መቆየታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለ5 ዓመት የተፈረመው የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሙሉው ለ16 ክለቦች እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለአንዱ በዓመት 280 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው የሚደርሰው። ለማካፈል መጀመሪያ ክለቡ የራሱ የሆነ ገቢ ያስፈልገዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጣሪያው ከክፍፍሉ በኋላ የሚመጣ ነገር መሆኑን ተረድቻለሁ። እንግዲያው የእንግሊዝ ክለቦች ገቢያቸውን ይበልጥ እኩል ቢካፈሉ፣ አዳጊዎቹ በዓመታቸው መውረዳቸው ይቀራል ማለት ነው?

ምላሽ 1 (ከሜሪላንድ)

በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ብቻ ቢካፈሉ አይቀርም፤ ምክንያቱም ትልቁ ገደል ያለው በሁለቱ እርከኖች መካከል ነው። በኤንኤፍኤል መውረድ ስለሌለ መጨረሻ የወጣው ክለብ ድርሻው አይነካም፤ በቀጣዩ ዓመት የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይም ቅድሚያ ያገኛል። በእንግሊዝ የወረደ ክለብ ግን አብዛኛውን የቴሌቪዥን ገቢውን በአንድ ክረምት ያጣል። ይህን ድንጋጤ ለማስታገስ ሊጉ ለወረዱት እስከ 3 ዓመት የሚዘልቅ ድጎማ ይሰጣል፤ ድጎማው ግን በታችኛው ሊግ ያሉትን ሌሎች ክለቦች ይጎዳል። በ2024 ካደጉት ሌስተርና ሳውዝሃምፕተን ገና በ2023 የወረዱና ይህን ገንዘብ የያዙ ነበሩ፤ ከሦስተኛው እርከን በ2 ተከታታይ ዓመት ያደገው ኢፕስዊች ብቻ ነው ያለ እርሱ የመጣው። የታችኞቹን ሊጎች የሚመራው ኢኤፍኤል ይህ ክፍያ ቀርቶ ገንዘቡ ለሁሉም ክለቦች እንዲከፋፈል ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቷል፤ እኔም ጥያቄው ትክክል ነው እላለሁ።