ከእናቴ ጋር ሮምን ለማየት፣ ከአርብ እስከ እሁድ

የለገጣፎው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አርብ ጠዋት ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት አርፈን እሁድ ማታ ወደ ቦሌ እንመለሳለን። ማረፊያችን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ቫቲካንና ኮሎሲየምን በየትኛው ቀን እናድርግ? እናቴ ደረጃ ይከብዳታል፤ አርብ ደግሞ ትፆማለች።

ሰበታ ማዶ፦
ቫቲካን ሙዚየምን ለእሁድ እንዳታስቀምጠው፣ ዝግ ነው። በፈረንጅ ወር የመጨረሻው እሁድ በነፃ ይከፈታል፤ ግን በዚያ ሰልፍ እናትህን አታቁማቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቫቲካን፣ እሁድ ኮሎሲየም ይሁን። አርብ ከሌሊት በረራ በኋላ ትሬቪ ምንጭና ፓንቴዮን ይበቃሉ።

የኮሎሲየም ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያለውን የጥንቱን የሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ፎሮ ሮማኖንም ይጨምራል። ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ይተያያል። የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ የቤተሰብ ስም ሲባል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጥ። ሰዓቱንም ልብ በል፤ 9:00 ካለ የኛ 3 ሰዓት ጠዋት ነው።

ኮሎሲየም ውስጥ ሊፍት አለ። እግር የሚፈትነው ፎሮ ሮማኖ ነው፤ ንጣፉ ወጣ ገባ ጥቁር ድንጋይ ነው። እናትህ ከደከሙ እሱን ተወው።

የቡራዩ ልጅ፦
ከኤርፖርት ሌዮናርዶ ኤክስፕረስን ያዙ፣ 14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል። በ8 ዩሮው ባቡር እንዳትታለል፣ ተርሚኒ አይገባም። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመታው፤ ያለዚያ ቅጣት አለ።

ወደ ቫቲካን በሜትሮ ኤ መስመር ኦታቪያኖ ውረዱ። የሙዚየሙ በርና የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በር የተለያዩ ናቸው፤ ግንቡን መዞር አለ። ባዚሊካው ነፃ ነው፣ ትከሻና ጉልበት ግን መሸፈን አለበት፤ ለእናትህ ነጠላቸው ይበቃል። ጉልላቱን እርሱት! በሊፍት ወጥታችሁም 320 ደረጃ ይቀራል።

የለገጣፎው፦
ተባረኩ። የፆሙስ ነገር?

የቡራዩ ልጅ፦
ፒሳ ማሪናራ እዘዝ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ፓስታ ከሆነ «ሴንሳ ፎርማጆ» በል፤ ካላልክ አይብ ነስንሰው ያመጡታል።

ሱሉልታ፦
ከኮሎሲየሙ ጣቢያ ከኮሎሴዮ በሜትሮ ቢ አንድ ፌርማታ ጨምራችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ጣቢያው አጠገብ፣ ከፋኦ (የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ያለው አደባባይ በ1937 እ.ኤ.አ. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ነው። ሐውልቱ በ2005 እ.ኤ.አ. አገሩ ገብቷል። ቦታውን ለማየት 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ክፍያም የለውም።