የሬጉለስ ታማኝነት ለአውግስጢኖስ በጎነት ነው ወይስ ክፋት?

ጤና ይስጥልኝ። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነውን የአውግስጢኖስን «የእግዚአብሔር ከተማ» እያነበብኩ መውጫው ጠፍቶብኛልና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ በካርቴጅ (የሮማ ጠላት በነበረችው ከተማ) የተማረከው የሮማ ጦር መሪ ሬጉለስ ከሮማዊው ፖለቲከኛ ካቶ በላይ ይወደሳል። ካቶ ለቄሳር ላለመገዛት ራሱን አጠፋ፤ ሬጉለስ ግን ስቃይ እንደሚጠብቀው እያወቀ እመለሳለሁ ብሎ ለጠላቶቹ የገባውን መሐላ አክብሮ ወደ ካርቴጅ ተመለሰ። የማለውም በአማልክቱ ስም ነበር! አምስተኛው መጽሐፍ ደግሞ የጥንት ሮማውያን ለክብር ብለው ገንዘብ መውደድንና ሌሎች ክፉ ምኞቶችን እንደገቱ፣ ዋጋቸውንም በዚሁ ምድር እንደተቀበሉ ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል።

አሥራ ዘጠነኛው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 25 ላይ ግን ወደ እግዚአብሔር ያላመራ በጎነት ከበጎነት ይልቅ ክፋት ነው ይላል። ታዲያ የሬጉለስ ታማኝነት ምን ሊባል ነው? ፍርዱ የሚያርፈው ሰውየው ባለመው ግብ ላይ ብቻ ነው ወይስ ድርጊቱም ይወገዛል? ሥራው በ413 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ሐሳቡ በመሃል ከርሮ ይሆን? አውግስጢኖስን ያጠመቀው ጳጳስ አምብሮስዮስ እንኳ የካህናትን ግዴታ ሲጽፍ የአረማዊውን ሮማዊ ፈላስፋ የሲሴሮን መጽሐፍ አርአያ አድርጎ ጥበብን፣ ፍትሕን፣ ብርታትንና ራስን መግዛትን ተቀብሏል።

ሁለቱን ቦታዎች አስታርቆ ያነበበ ሰው ካለ፣ የትኛውን ምዕራፍ አስቀድሜ ልመልከት?