ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ ለምትመላለስ ቪትዝ የቱ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ይሻላል?

ጠያቂው (ደሴ)፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የተሠራች ቪትዝ አለችኝ፣ ጎማዋ 165/70 ባለ 14 ነው። ያንን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎ ጠመዝማዛ ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በየኩርባው መኪናዋ ወደ ጎን ታጋድላለች፤ ከኋላ የምትቀመጠው ልጄን ሁለት ቀን አስመልሷታል። እውነቱን ለመናገር መልኳም ያሳስበኛል፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት ይገባል።

አንድ ጓደኛዬ "ሞላውን አንድ ዙር አስቆርጠው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል" አለኝ። ሌላው በልኩ የተሠራ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ አስመጣ ይላል። 2.5፣ 3.5 እና 4.5 ሳንቲ ሜትር የሚያወርዱ አግኝቻለሁ። አርብ አርብ እናቴን ለመጠየቅ ሐይቅ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ቤተሰብም ጤፍም ይጫናል። የቱን ልያዝ?

መካኒክ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ አብሽር፣ መፍትሔ አለው። ማስቆረጡን ግን እርሳው። ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ ሳይሆን ይደድራል፤ የሚሠራ 5 ዙር ካለው አንዱን ብታነሳለት ጥንካሬው በሩብ ይጨምራል። የሞላውን ንጥረት የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበር ያው የድሮው ስለሆነ ያንን መልሶ መያዝ ያቅተዋል፣ መኪናዋ መንጠር ትጀምራለች። ከሁሉም የሚያስፈራው ሌላ ነው። የቪትዝ የኋላ ሞላ ከሾኩ ተለይቶ ለብቻው የተቀመጠ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ እግሩ ወደ ታች ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ይላቀቃል። ባለፈው ክረምት አንዱ ይዞልኝ መጥቶ ሳነሳት ሞላው ዞሮ፣ የተቆረጠው ጫፍ ሞላው የሚያርፍበትን የላይኛውን ላስቲክ እንደ ቢላ በልቶት አገኘሁት። በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ የብረቱን ልብ ይገድለዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማጋደሉ የሞላ መሆኑን በምን አወቅህ? የኋላውን ጥግ በሁለት እጅህ ተጭነህ ልቀቀው። አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደኅና ነው። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ ሾኩ አልቋል። ዘይት ያላበ መሆኑንም እይ፤ የስታብላይዘሩን (ማጋደልን የሚቀንሰውን ዘንግ) ሊንክና ጎሚኒውን፣ ማለት የመያዣ ላስቲኩን፣ ሳትነካ አትለፍ።

የኮሮላ ባለቤት (ወልድያ)፦
እኔ 4 ሳንቲ ሜትር አውርጄ ነበር። ሞላው ጥሩ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ምርጫ ነው። ብቻዬን ስሆን መሬት ይዛ ትሄዳለች፤ አራት ሰው ስጭን ግን በየብሬከሩ ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ይፋቃል። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሳላሠራ ስለነዳሁም የፊት ጎማዎቼ በውስጥ በኩል ብቻ ተላጡ። ያንተ የኋላ አክስል ወጥ ስለሆነ እዚያ ጎማው አይዘምም፣ የፊቱን ግን የግድ አሠራ።

ከሞላ አምራቾች አይባክ፣ ኤች ኤንድ አር፣ ቴይን ስማቸው የታወቀ ነው። ስትገዛ "ለቪትዝ ነው" በሚል ብቻ አትውሰድ። የመኪናዋን የሞዴል ኮድ ከታርጋው ሳይሆን ከፋብሪካው መለያ ሰሌዳ አንብብ፤ ባለ 1.0ው ኬኤስፒ90፣ ባለ 1.3ው ኤስሲፒ90 ነው፣ የሞተር ክብደታቸው ይለያያል።

ሴት ሹፌር (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ካርቶን አውጣ። ጠንካራ ካርቶን ቁረጥና ከሆዷ ዝቅተኛው ቦታ ላይ እሰር፣ አንዱን ከሞተሩ ሥር፣ አንዱን ከኋላው አክስል። ከማርሚታው ቱቦ አርቀው፣ ይግላል። የታችኛውን ጠርዝ እንደ ደረጃ ቁረጠው፤ አንዱ ከሆዷ 2.5፣ ሁለተኛው 3.5፣ ሦስተኛው 4.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረድ። ሳምንት ሙሉ የምትሄድበትን ሁሉ ሂድ፣ የአርቡን ጭነት ጨምረህ። የትኛው ደረጃ እንደተፋቀ ካርቶኑ ራሱ ይነግርሃል። ሞላው ሲደድር በጭነት የምትሰምጠው ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን በዚያ አትመካ።

ጠያቂው፦
እህቴ፣ እድሜ ይስጥሽ! የ4.5ቱ ደረጃ የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አልዋለም፣ ከሰፈራችን ሳልወጣ ብሬከር ላይ ቀረ። 3.5ቱ ባዶዋን ችሎ አርብ ከሐይቅ ስመለስ ጠርዙ ተበላ። 2.5ቱ የነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ግቢዬ የምገባበት ጠርዝ ላይ። እሱን በድንጋይና በአፈር እሞላዋለሁ።

መካኒኩ ያሉትም ልክ ነው። የግራ የኋላው ሲጫኑት ሦስቴ ተወዛወዘ፣ እጄን ብሰድ ዘይት ነው። ሁለቱን የኋላ ሾኮችና የፊት የስታብላይዘር ሊንኮቹን ቀየርኩ። ትላንት ልጄ እስከ ኮምቦልቻ ተኝታ ወረደች። አሁንም የ2.5ቱን ሞላ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ምን ይሉኛል?

መካኒክ፦
በ2.5 ግባበት፣ አዲሶቹ ሾኮች ይችሉታል። የፊቶቹ ግን የድሮ ስለሆኑ ሞላው ሲገባ አብረህ ቀይራቸው፤ ሥራው አንድ ነው፣ ሁለቴ አታስፈታ። በሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን ማረፊያ ላስቲክ የሞላው ወረቀት ቁረጡ ካላለ ማንም አይንካው። የፊቱን ሞላ በገመድና በሽቦ አስረው የሚፈቱ አሉ፣ እነሱ ጋ አትሂድ፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፣ በሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ብቻ ነው የሚፈታው። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻ የሚጠብቁት ጎማዎቹ መሬት ከረገጡ በኋላ ነው፣ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል። ሁለት ሳምንት ንዳትና ሞላው ቦታውን ሲይዝ አላይመንቱን አሠራ፣ የመብራቱንም ከፍታ አብረህ አስለካ፤ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ያስፈልግሃል።