የቮልስዋገን የፊት ጎማ መሪ ሲጠመዘዝ ይፋተጋል

ጥያቄ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. በተሠራችው ቮልስዋገኔ ላይ 195/65 አር 15 ጎማ ካስገጠምኩ ወዲህ፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ መሪውን እስከ መጨረሻው በጠመዘዝኩ ቁጥር የግራው የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ በጎኑም ላይ ጣት የሚያህል የሚያብረቀርቅ መስመር ወጥቷል። ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ ለማራቅ ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ቀለበት) ላስገባ ወይስ ጎማውን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመኪናው የቀድሞ ጎማ 5.60-15 ሲሆን በራዲያል (በዘመናዊው የጎማ ዓይነት) ምትኩ 165/80 አር 15 ነው። የእርስዎ ጎማ ቁመቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያንስም ስፋቱ በ30 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ የሚፈልገውን ጎማ በ4 ኢንች ቸርኬ ላይ መጫን ደግሞ ከመፋተጉም በላይ የሚያሳስብ ነው።

ሌላ መልስ፦ ስፔሰሩ የኩሽኔታውን ጫና ይጨምራል፣ ረዘም ያለ ቡሎንም ይጠይቃል። እኔን ግን የገረመኝ የግራው ብቻ መፋተጉ ነው። የሚነካበትን ቦታ ለማየት ብረቱን ጠመኔ ቀብተው መሪውን ያዙሩ፤ ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት።

ጠያቂው፦ ነቀነቅሁት፤ ኩሽኔታው ላልቷል። እሱን አስጠብቄ ወደ 165 እመለሳለሁ።