ለገጣፎ፣ ዋልካ መሬት፣ የኅዳር ውርጭ፦ ምን አበባ ልትከል?

አዲስ ግቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ አዲስ ቤት ገብተናል። ከፊት ለፊት 60 ካሬ የምትሆን ባዶ መሬት አለች፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሣር ብቻ አልፈልግም፤ አንዴ ተተክሎ ዓመት ከዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦና አበባ ነው ያማረኝ። ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚነግረኝ። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች "ይሄ ብርድ ይችላል" የማይሉት ተክል የለም። የጎረቤቴን ቡጌንቪሊያ ደግሞ ኅዳር ላይ ውርጭ ጠብሶታል። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ "ፒዮኒና ላይላክ ልላክልሽ፣ እዚህ በረዶ ሥር ከርሞ የሚነሳ ተክል እዚያ ምን ይሆናል?" ትላለች። እኔ ላቬንደርም እወዳለሁ። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ችግኝ

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ሰው ሁሉ ስለ ብርድ ይጠይቃል፤ እናንተ ሰፈር ግን ከውርጩ ይልቅ ተክል የሚጨርሰው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ወደ ታችም አያሳልፍም፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍትና የተረፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ስለዚህ ሻጩን ስለ ብርድ ብቻ አትጠይቂው፤ ውኃ ተኝቶበት ይከርማል ወይ በይው።

ብዙ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀይ አፈርና ፍግ ይሞላል። ዋልካ ላይ እንዲህ ካደረግሽ ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው፣ የዙሪያው ውኃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ወደ ታች አትሂጂ፣ ወደ ላይ ውጪ። 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያሉ መደቦች ሥሪና በመካከላቸው ወደ ውጭ የሚያፈስ ቦይ አውጪ። የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ ገበሬ ዋልካ ላይ ስንዴ የሚያመርተው በእጁ መደብና ቦይ እየሠራ ነው፤ ለአበባም ያው ነው።

ላቬንደርና የጥብስ ቅጠል ከመደቡ አናት ላይ ይሁኑ፣ አፈሩ ጠጠር ይብዛበት፣ ፍግ አታብዢ። ላቬንደር ስትገዢ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ጥርስ ጥርስ ያለውን ምረጪ፤ የእንግሊዙ ዓይነት በደንብ ለማበብ ከእኛ የባሰ ብርድ ይፈልጋል። ጽጌረዳ ውኃው እስካልተኛበት ድረስ ከባድ አፈር አይጠላም። አጋፓንተስ መሃል ላይ ይሁን፣ ሲበዛ ከፋፍለሽ ለጎረቤት ትሰጫለሽ። ረባዳው ጥግ ላይ ካላና ካና ትከዪ፣ እነሱ እርጥበት ይወዳሉ።

ለእህትሽ አመስግኚያትና ይቅርብሽ በያት። ፒዮኒና ላይላክ አበባ የሚያወጡት ሳምንታት ሙሉ የማይለቅ ብርድ ካገኙ ነው። የእኛ ሌሊት ቢወርድ ቀን ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ቅጠል ብቻ ስታጠጪ ትኖሪያለሽ። በዚያ ላይ ተክል በሻንጣ ማስገባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃል።

ሱሉልታ ማዶ

ጋሼ ስለ ውኃው ያሉት ልክ ነው፣ ውርጩን ግን ባናቃልለው። እኛ ጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሜዳው ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ግቢሽ ተዳፋት ከሆነና ታችኛው ጥግ በብሎኬት አጥር የተዘጋ ከሆነ ብርዱ እዚያ ይተኛል፤ ዱራንታና ፖይንሴቲያ እዚያ ጥግ አትትከዪ።

ቡጌንቪሊያ ከፈለግሽ ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ትከዪው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ክፈፉ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ይከልላል። እዩት እስቲ፣ ከክፈፍ ሥር ያለው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ አንድ ሜትር ወጣ ያለው ጠቁሮ ያድራል። ሥር እስኪሰድ ውኃ አይለየው፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀንሺበት። ብዙ ውኃ ሲያገኝ ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ አያብብም።

ለመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ጆንያ ጣል አድርጊበት፣ ጠዋት አንሺለት። ከተጠበሰ ደግሞ በንዴት መቀስ አታንሺ። የጠቆረው ጫፍ ለታችኛው ቡቃያ ከለላ ነው፤ የካቲት ላይ ትቆርጪዋለሽ።

የጠምበለል ወዳጅ

ለምንድነው ሁላችሁም ከውጭ የመጣውን ብቻ የምትዘረዝሩት? ደጋችን ውርጩንም ዝናቡንም የለመደ የራሱ አበባ አለው እኮ። ቀጋ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ፍሬው የሚበላ፣ እሾኹ ደግሞ ለአጥር የሚሆን። አምጃ ቢጫ አበባውን ይሰጥሻል። አሸንዳ ከሥሩ እየበዛ ትልቅ ጉብታ ይሠራል፣ ቢጫና ብርቱካናማ አበባውን ሲያወጣ ወፍ አይጠፋበትም። ጠምበለል ደግሞ በረንዳው ላይ ትለቂዋለሽ። ዳማከሴና ጤና አዳም ያለበት ግቢ ለጉንፋኑም ለቡናውም ይሆናል።

አስቸጋሪው ችግኙን ማግኘት ነው፣ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ዱራንታ ነው የሚደረድረው። መጀመሪያ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄደሽ አገር በቀሎቹን ተክለው አድገው እያቸው፣ ከዚያ ስማቸውን ይዘሽ ሻጮቹን ጠይቂ። ከዱር መንቀሉ ግን ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚሉት) በየቀለሙ ያምራል፣ እንዳትታለዪ። ወፍ ፍሬውን እየበላ ይዘራዋል። ምሥራቁን አገር የወረረ አረም ነው፣ ከብትም ይመርዛል።

አዲስ ግቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ መደቡን እንዳሉኝ አሠራለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሃይድራንጃ ይሆናል? ደግሞ ሁሉን አፉ ውስጥ የሚከት ትንሽ ልጅ አለኝ።

ጋሽ ችግኝ

ሃይድራንጃ ይሆናል፣ ከሰዓት ጥላ በሚያገኝ ቦታ። ግን በጋውን ሙሉ ውኃ ይጠይቃል፣ ቧንቧ በፈረቃ ከሆነ አንድ ሁለት ይበቃል። እንጦጦ ሥር ባለው ቀይ አፈር ሰማያዊ የሚያብበው ዓይነት ዋልካ ላይ ሮዝ ሊሆንብሽ ይችላል፣ አሲዱ ስለሚያንስ ነው፤ አትደንግጪ።

ልጁን በተመለከተ ኦሊያንደርና ያ ወደ ታች የሚንጠለጠለው የጥሩንባ አበባ ግቢሽ አይግቡ፣ ሁለቱም ክፉ መርዝ ናቸው። ካላም አፍ ያቃጥላል፣ እስኪያድግ አቆዪው፤ ረባዳው ላይ ካና ብቻ ይበቃል። የዱራንታ ቢጫ ፍሬም ለልጅ አይሆንም። ዳማከሴውን ያኝክ ግዴለም።

መደቡን ከግንቦት በፊት አስጨርሺ። ሰኔ ከገባ ዋልካ አካፋ ላይ ተጣብቆ ሠራተኛ ያስመርራል።