ኤምጂቢ ልገዛ ነው፣ የክሮሙን ወይስ ባለ ጎማ ፓራውልቱን?

ሰላም ወገን፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ሁለት ኤምጂቢ (ጣሪያው የሚከፈተው የድሮው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አይቻለሁ፣ አንዱ የ1973 ባለ ክሮም ፓራውልት፣ ሌላው የ1977 ባለ ጥቁር ጎማ ፓራውልት። የ77ቱ ዋጋው በጣም ይቀንሳል ግን ሰው ሁሉ ተወው ይለኛል። ለምንድነው? ፓራውልቱን ወደ ክሮም የሚቀይር ጎበዝ ጋራዥስ ታውቃላችሁ?

— ወንድሜ፣ ግማሽ እውነት አላቸው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1973 ሞዴል ጀምሮ መኪና በሰዓት 5 ማይል ከፊት ቢጋጭ መብራቱ ምኑ እንዳይጎዳ የሚል ሕግ አወጣ፣ በ74 ደግሞ ኋላውንም ጨመረበት፣ እንግሊዞቹ ፊቱን እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ክሮሙን አውልቀው ውስጡ ብረት ያለው ትልቅ ጎማ ገጠሙለት፣ መብራቱም ሕጉ ከሚፈልገው ከፍታ ዝቅ ስላለ መኪናውን ከነሞላው አንድ ኢንች ያህል ከፍ አደረጉት። ከበደ፣ ከፍ አለ፣ ኩርባ ላይ ማዘንበል ጀመረ። ጉልበቱ የቀነሰው ግን በጭስ ሕጉ ነው፣ ከ1975 ወዲህ እዚህ ይመጣ የነበረው ሁለቱ ካርቡራተር ቀርቶ በአንድ ስትሮምበርግ ካርቡራተር ነው።

ፓራውልቱን መቀየር አልመክርህም። እኔ በ76ቴ ሞክሬዋለሁ፣ መቁረጥ አለ መበየድ አለ ቀለም አለ፣ የሠራልኝ ጋራዥ ቀለሙን እንኳን አላገጣጠመውም፣ ያወጣሁት ብር ባለ ክሮም ይገዛልኝ ነበር በጣም ነው የቆጨኝ። የ77ቱን ከወሰድክ ጎማውን ተወውና ዝቅ አድርገው፣ ከፊት አጭር ሞላ ከኋላ ዝቅ ያለ ባሌስትራ፣ የድሮ እንግሊዝ መኪና ዕቃ የሚሸጠው ሞስ ሞተርስ እዚያው ቨርጂኒያ ፒተርስበርግ ስላለ ዕቃው ቅርብህ ነው። በዚያ ላይ የ77ቱ ማዘንበል የሚከለክለው ብረት ከፊትም ከኋላም አለው፣ በ75ቱ ላይ የፊቱንም አንስተውት ነበር፣ እሱን እንዳትነካ።

— እኔ ደግሞ የጃፓኑን ስፖርት መኪና ዳትሰን 280ዜድን እይ እላለሁ። ፓራውልቱ እሱም በዚሁ ሕግ ነው የወፈረው ግን ነዳጁ በኢንጀክሽን ስለሆነ ጠዋት ብርድ ላይ አያስቸግርም፣ ለኔ ከሁለቱም ይሻላል። ጣሪያው ግን አይከፈትም።

— ጣሪያውማ ግድ ነው ወንድሜ፣ ለሱ ብዬ ነው። ለድሮ መኪና የሚሰጠው የአንቲክ ታርጋውስ?

— 25 ዓመት ስላለፈው ይሰጥሃል፣ ኢንስፔክሽንም አትጠየቅም፣ ግን በየቀኑ ሥራ ልትሄድበት አይፈቀድም። ከመክፈልህ በፊት ማግኔት ይዘህ ሂድና ከበሩ ስር ያለውን ላሜራ ፈትሽ፣ ማግኔቱ ካልያዘ ዝገቱን በስቱኮ ደፍነውታል ማለት ነው፣ ክሮምም ይሁን ጎማ ጥለኸው ና።